የአምስተኛው ግጥሚያ የመጨረሻ ቀን

ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ሜዳ ላይ ሲጫወቱት አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት እንግሊዝና አውስትራሊያ ያደረጓቸውን አምስት ግጥሚያዎች ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ቀን በቀን እነግራችኋለሁ። የትኛው ላይ ዝናብ እንደዘነበ፣ የትኛው ላይ ሙቀቱ ሰው እንደፈጀ፣ ማን መቼ ተስፋ እንደቆረጠ። ባለቤቴ "ይህን ያህል መጽሐፍ ቅዱስ ብታጠኚ ይሄኔ ሰባኪ ነበርሽ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ያኔ አብሬው እስቅ ነበር።

ያስተማሩኝ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ዉድበሪ በምትባል ከተማ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ናቸው። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ ኤጀንሲ ቀጥሮኝ ሰው ቤት እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከምኖርበት ሰፈር ከፍሮግታውን ተነስቼ ጠዋት ሁለት ሰዓት እሳቸው ቤት እደርሳለሁ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራታቸውን አብልቼ እወጣለሁ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ጀምሮ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው፣ ልባቸውም ደካማ ነው። አእምሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። መጀመሪያ ሰሞን በስማቸው ልጠራቸው ብሞክር አፌ እምቢ አለኝና "ጋሼ" አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ታላቅ ወንድም ወይም አባት የሚሆን ሰው እንደዚያ እንደሚባል ነገርኳቸው። "ታላቅ ወንድምስ ነኝ" አሉ ደስ ብሏቸው። ስለ ታናሽ ወንድማቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አባታቸው እንግሊዛዊ፣ እናታቸው አውስትራሊያዊት ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ልጆች ሳሉ ወላጆቻቸውን ተከፋፈሉ፤ ጋሼ የአባታቸውን አገር ደገፉ፣ ታናሽየው የእናታቸውን። አያታቸው የዚያን ዘመን ጋዜጣ እየቆረጡ የአምስቱን ግጥሚያዎች ወሬ በትልቅ ደብተር ላይ ለጥፈው ነበርና ወንድማማቾቹ ከዚያ ላይ እየገለበጡ ለየራሳቸው አንዳንድ ደብተር አዘጋጁ። አድገው ሲለያዩ ጋሼ ሚስታቸውን ተከትለው ሚኒሶታ መጡ፣ ታናሽየው አደላይድ ወደሚባለው የእናታቸው ከተማ ሄዱ። ደብተሮቹም አብረዋቸው ተሰደዱ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ጀምረው እስከ መጋቢት ድረስ ጨዋታውን በስልክ እንደገና ይጫወቱታል። ጨዋታው በተደረገበት ቀን ይደዋወላሉ። በዚያ ቀን ቡድኑ የቀናለት ወንድም ከደብተሩ ያነባል፣ ሌላው ያጉረመርማል። ውጤቱን ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል! መጀመሪያ ስሰማ ጤነኝነታቸውን ተጠራጠርኩ። "ያለቀ ነገር ምን ያጨቃጭቃችኋል?" ብላቸው ጋሼ በጣም አዘኑብኝ፤ በማግስቱ ደብተሩን አምጥተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩልኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት እየመታ ነጥብ ይሰበስባል፣ መቺዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ሲያልቁ ይቀያየራሉ። አንድ ግጥሚያ አምስት ስድስት ቀን ይፈጃል፤ መሃል ላይ ምሳ ይበላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ሥራ ፈቶች ናቸው ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አምስተኛ ቀን ሲያነቡልኝ ግን ድስቱ ምድጃ ላይ እያረረ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። አውስትራሊያ እንግሊዝን በነጥብ ቀብራታለች። ለማሸነፍ የቀራት ጥቂት ነው፣ ሁሉም ድሉን በእጁ እንደያዘ ተኝቷል። በዚያች ሌሊት ዝናብ ዘነበ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ጭቃ፣ ኳሱ የማይመታ ሆነና አውስትራሊያ በአሥር ነጥብ ተሸነፈች። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ሁልጊዜ ሳቅ ያንቃቸዋል። ታናሽየው ደግሞ ከዚያ ማዶ ሆነው ዝናቡን ይረግማሉ።

ሁለተኛውንም እንግሊዝ ወሰደች። ሦስተኛውንና አራተኛውን አውስትራሊያ አሸንፋ ሁለት ለሁለት ሆኑ። ለአምስተኛው ሰው ከየከተማው በባቡር አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን ገባ፤ ለንደን ሆነው በቴሌግራም የሚከታተሉት እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት እንግሊዝ ገና ብዙ ነጥብ ይቀራታል፣ ሁለት መቺዎቿ ወጥተውባታል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ገብቶ እንደ እብድ መምታት ጀመረ፤ እንግሊዝም ሦስት ለሁለት አሸነፈች። ወንድማማቾቹ ለዚያች ቀን ብቻ የተለየ ደንብ አላቸው፤ የሚያነበው ተሸናፊው ነው። ታናሽየው በየዓመቱ የራሳቸውን ሽንፈት በራሳቸው አፍ ያነባሉ፣ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሁለት ክረምት አብሬያቸው ሰምቻለሁ። ታናሽየው ሲያነቡ ቀልደኛ ነበሩ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየተነፋረቁ።

ሦስተኛው ክረምት ላይ ተጣሉ።

የአምስተኛው ግጥሚያ አራተኛ ቀን ተነቦ አልቋል። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፤ ጋሼ ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያወሩት። ታናሽየው ድንገት "ዘንድሮ እዚህ ላይ እናቁመው። ሁለት ለሁለት ይሁን" አሉ።

"ምን ማለት ነው?" አሉ ጋሼ።

"አንድ ዓመት ብቻ ሽንፈቴን ሳላነብ ልለፍ። ደክሞኛል።"

"የሆነውን ነገር እንዴት አልሆነም ትላለህ? ሃምሳ ዓመት አንብበኸዋል። ፈሪ!"

ታናሽየው ሊመልሱ ሲጀምሩ ጋሼ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው። እኔ የሰማሁት እሳቸው ያልሰሙትን ነው። ታናሽየው በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። "ጋሼ፣ ድምፃቸው ልክ አይደለም። አሟቸው እንዳይሆን" አልኳቸው። "ተንኮሉ ነው። ልጅ ሳለም መሸነፉ ሲቀርብ ሆዴን ቆረጠኝ ይል ነበር" አሉኝ። ቢያመው ኖሮ ይነግረኝ ነበር አሉ። ታናሽየው ግን አልነገሯቸውም። ሰውየው ሕመማቸውን ደብቀው፣ ለአንድ ዓመት ብቻ አትሸነፍ የሚላቸው ሰው ፈልገው ነበር። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ጋሼ ስምንት ቀን አኮረፉ። ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመስኮት በረዶውን ያያሉ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፈጠን ብለው ያነሱታል፤ የመድኃኒት ቤት ወይም የማስታወቂያ ሰው ሲሆን ፊታቸው ይጨልማል። "እሱ ይደውል" ይላሉ ሳልጠይቃቸው።

"ይደውሉላቸው እንጂ ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ ታላቁ?"

"በእናንተ አገር ታላቅ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?"

"ኧረ አይጠይቅም" አልኩ፣ መዋሸት አቅቶኝ። ሁለታችንም ሳቅን። "ታዲያስ" አሉ። የመጨረሻዋ ቀን ግን ሳትነበብ መቅረቷ ውስጥ ውስጡን እየበላቸው ነበር። ደብተሩን አውጥተው ያንን ገጽ ገልጠው ይተዉታል፣ እኔ አቧራ ስጠርግ እዘጋዋለሁ፣ እንደገና ገልጠውት አገኛለሁ።

ዘጠነኛው ቀን ዓርብ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጋሼ ወንበራቸው ላይ አሸልቧቸው ሳለ ስልኩ ጮኸ። እንዳይቀሰቅሳቸው ቶሎ አነሳሁና ወደ ወጥ ቤት ይዤው ሄድኩ። የታናሽየው ባለቤት ናቸው። ሆስፒታል ነን አሉኝ። ሳንባው ነው፣ ከገና በፊት ጀምሮ ያውቀው ነበር፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነው አሉ። "ሐኪሞቹ ብዙ ቀን የለውም ብለዋል። ዛሬ ግን ንቁ ነው፣ ደብተሩን አምጪ ብሎኝ ደረቱ ላይ ይዞታል። ወንድሙ እንዲደውልለት ንገሪው። ለመሸነፍ ዝግጁ ነኝ በይው ብሏል።"

"እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ወዲያው እነግራቸዋለሁ ያላልኩት ግን ልቤ ሌላ ነገር ስላሰበ ነው።

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ዝም ብሎ አይወረወርም። ሰውየው ብቻውን ሲሆን አይነገርም፣ ሳይበላ አይነገርም፣ ሊመሽ ሲል አይነገርም። ይዘው ይጠብቃሉ፣ ሰው ይሰበስባሉ፣ ጠዋት ነግቶ ቀኑ ከፊት እያለ፣ የሚይዙት እጆች በዙሪያው ሆነው ነው የሚነገረው። አባቴ የሞተ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አሥራ አንድ ቀን አውቀው ደብቀውኝ ነበር። አንድ ማለዳ በሬን ሲያንኳኩ አሥራ አራት ነበሩ። ስወድቅ መሬት አልነካሁም፣ ያዙኝ። ፍሪድሊ በሚባል ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህታችን ደግሞ የእናቷን ሞት በስልክ ሰምታ ማሽኑ አጠገብ ብቻዋን ስትጮህ ምን እንደሆነች የገባው ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጋሼ ልባቸው ደካማ ነው። ምሳቸውን በቅጡ አልበሉም። ከሁለት ሰዓት በኋላ እኔ እሄዳለሁ፣ ብቻቸውን ያድራሉ። ልጃቸው ዱሉዝ የምትባል ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፣ በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። እሷ ትምጣ፣ ቁርሳቸውን ይብሉ፣ ሁለታችንም በግራና በቀኝ ሆነን እንነግራቸዋለን፣ ከዚያ እንደውላለን። ጠዋት ይሻላል አልኩ። ለልጃቸውም ደውዬ ልነግራት አስቤ፣ መኪና ይዛ ስለምትመጣ መንገድ ላይ ትደነግጣለች ብዬ ተውኩት። ለሁሉም አስቤ ነበር፣ ባሕር ማዶ ሆነው ስልክ ከሚጠብቁት ሰው በቀር።

ወደ ሳሎን ስመለስ ጋሼ ነቅተዋል።

"ስልክ ጮኸ?" አሉኝ። ቀና ብለው ነው የጠየቁኝ።

"አዎ፣ ከኤጀንሲው ናቸው። ስለ ሺፍቴ ነው" አልኩ።

"እንዲያ ነው" አሉ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ስልኩ እጄ ውስጥ ነበር።

ራታቸውን ሰጥቼ፣ መድኃኒታቸውን አውጥቼ ወደ ቤቴ ነዳሁ። ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ትክክል መሆኔን እንዲነግረኝ ፈልጌ ነው፤ ነገረኝም። "ብቻቸውን ሆነው እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? ሃርታቸው ዊክ ነው አላልሽም እንዴ? ልጃቸው ስትመጣ ሃንድል ታደርገው። ደግ አድርገሻል።"

ልጃችን ከስልኳ ቀና አለች። እዚሁ ነው የተወለደችው፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። "ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ቴል ሂም?" አለች፣ ለምን ዝም ብለሽ አልነገርሻቸውም ማለቷ ነው።

"አንቺ አይገባሽም" አልኳት።

"ባት ሂ ወዝ ዌይቲንግ ፎር ዘ ኮል።" ስልኩን ሲጠብቁ አልነበር ወይ ነው የምትለኝ።

"አይገባሽም አልኩሽ፣ ብዪ!" ተቆጣኋት። የተቆጣኋት ልክ ስለሆነች ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስድነት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ይሻላል ስል ደግሞ አንድ ነገር ጨርሶ አላሰብኩም። እኔ ነገን ስጠብቅ እዚያ አደላይድ ነግቶ ነበር። ሴትየዋ ሲደውሉልኝ በእነሱ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሰውየው ነቅተው ደብተራቸውን ይዘው የጠበቁበት ጠዋት እኛ ቤት ራት ሲበላ አለቀ።

በማግስቱ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ቁርሱን ጥሩ አድርጌ ልሠራ እንቁላልና ዳቦ ገዝቻለሁ። ናይንቲ ፎር አውራ ጎዳና ላይ ስነዳ ንግግሬን እያዘጋጀሁ ነበር፤ መጀመሪያ ትንሽ አሟቸዋል እላለሁ፣ ከዚያ ልጃቸው ትጨምራለች፣ ቀስ በቀስ። በሩን ከፍቼ ስገባ ጋሼ በፒጃማ እንዳሉ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሰው የለም። ሻይ እንኳን አልተፈላም። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው።

"ወንድሜ ሞተ" አሉኝ።

የታናሽየው ባለቤት እዚህ እስኪነጋ ጠብቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደውለውላቸዋል። እኔ በግራና በቀኝ ሰው አድርጌ ልነግራቸው ያልኩትን ወሬ ባዶ ሆዳቸውን፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሰሙት፤ ከዚያም ሁለት ሰዓት ሙሉ ከወሬው ጋር ብቻቸውን ተቀመጡ። የገዛሁት እንቁላል ከእጄ ወደቀ። እኔ በአገራችን እንደምናለቅሰው ነው ያለቀስኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ እግራቸው ሥር ተደፍቼ። እሳቸው አላለቀሱም። እስክጨርስ ጠበቁኝ። እንግዳ ወሬውን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

"ትናንት ደውላ ነበር አለችኝ" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ነሽ ያነሳሽው?"

ልክድ እችል ነበር። እንግሊዝኛው አልገባኝም ብል ያምኑኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር ይህ ሐሳብ በአእምሮዬ አልፏል። "አዎ" አልኩ። "አሥር ሰዓት ላይ።"

"ተኝቼ ነበር?"

"ተኝተው ነበር። ከዚያ ነቁ። ስልክ ጮኸ ብለው ጠየቁኝ።"

"ጠይቄሻለሁ" አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር፣ አባቴ ሲሞት እንዴት እንደያዙኝ፣ ለልባቸው እንደፈራሁ፣ ልጃቸው እስክትመጣ ብዬ እንደሆነ። እየተናገርኩ የራሴን ድምፅ እሰማ ነበር፤ አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም፣ አንዱም ቃል ግን ለምንም አልጠቀመም። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። መሃል ላይ አላቋረጡኝም። ቢሰድቡኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ለኤጀንሲው ደውለው ሌላ ሰው ቢያስመጡም መብታቸው ነበር፤ አላደረጉትም፣ እስከ ዛሬ እዚያው እየሠራሁ ነው። ያን ዕለት ግን እንዲህ ብቻ ነው ያሉኝ፦

"መልእክቱ ምን ነበር? እንዳለችው አድርገሽ ንገሪኝ።"

"ዛሬ ንቁ ነው አሉ። ደብተሩ ደረቱ ላይ ነው አሉ።" ቀሪውን ወለሉን እያየሁ ነገርኳቸው። "ለመሸነፍ ዝግጁ ነኝ በይው ብሏል አሉ።"

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። እጃቸው ስልኩ ላይ እንዳለ ነው። የልጃቸው መኪና ደጃፍ ላይ ሲቆም ሰማን፤ ሁለታችንም ወደ በሩ አልዞርንም።

"ሲጠብቅ ውሎ አልደወለም ወይ እያለ ጠየቃት" አሉ። "እሷም እንዳይከፋው ብላ፣ ወጥቶ ይሆናል አለችው።"

ወለሉ ላይ የተሰበረውን እንቁላል መልቀም ጀመርኩ።

"ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ በበረዶ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ይህን እሱ ያውቃል" አሉኝ። "አሁንም እንዳኮረፈኝ ነው ብሎ ሞተ።"